እቁብ በስንት ፊደል ይጻፋል?

ዓርብ ረፋድ የኔታንያ ገበያ መፈናፈኛ የለውም። ሰንበት ሳትገባ ሁሉም ጉዳዩን መጨረስ አለበት፤ ሻጩ ዋጋ እየጣለ ይጮኻል፣ ገዥው ባለ ጎማ ጋሪውን እየጎተተ የሰው ቁርጭምጭሚት ይገጫል። ዕብራይስጥ፣ ሩሲያኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በአንድ ጠባብ መተላለፊያ ይጋፋሉ። ከዓሣውና ከወይራው አለፍ ሲሉ ጎንደሬ አፍንጫ የማይስተው ሽታ ይመጣል፤ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ ጥቁር አዝሙድ። የጤፍ ከረጢቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ጥሬ ቡና በኪሎ ይመዘናል፣ ጌሾው በላስቲክ ታስሮ ተሰቅሏል።

ከነዚህ ሱቆች በአንደኛው፣ ከባንኮኒው ሥር፣ ባለ ካሬ መስመር ደብተር ይቀመጣል። ባለሱቋ ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ ያሰሩ እናት ናቸው። አንዳንዷ ሴት ትመጣና ምንም ሳትገዛ፣ ደኅንነታቸውን ጠይቃ፣ የታጠፈ ሸቀል አስቀምጣ ትሄዳለች። እሳቸውም ደብተሩን አውጥተው ከስሟ ትይዩ ምልክት ያደርጋሉ። ሌላዋ ደግሞ ብር አትቆጥርም፤ ስልኳን አንስታ ታሳያቸዋለች። ገንዘቡን በቢት ልካዋለች። ቢት እስራኤል ውስጥ ሰው ለሰው ገንዘብ የሚላላክበት የስልክ መተግበሪያ ነው። ባለሱቋ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ስክሪኑን አስጠግተው ያያሉ። ካዩ በኋላ ለዚህችኛዋ ምልክቱን የሚያደርጉት በሌላ ቀለም እስክሪብቶ ነው።

ይህን ሁሉ ጥግ ይዛ የምታይ አንዲት ተማሪ አለች። እዚሁ ኔታንያ ተወልዳ ያደገች፣ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት የደረሰች ልጅ ናት፤ የመጣችው ለአያቷ ጤፍ ልትገዛ ነው።

«እማማ፣ ይሄ እቁብ ነው?»

«እቁብ ነዋ! ምን መስሎሽ ነው?»

«ለትምህርት ብጽፍበትስ?»

«ደግሞ ስለ እቁብ ምን ይጻፋል ልጄ? ገንዘብ ታመጫለሽ፣ ተራሽ ሲደርስ ትወስጃለሽ። አለቀ።»

ልጅቷ የጠየቀችው ለወሬ አልነበረም። ለሴሚናሪዮን፣ ማለትም ከመመረቋ በፊት ልታቀርበው ለሚገባት የጥናት ወረቀት፣ ርዕስ አስገብታ ነበር፤ «የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤላውያን ከእስራኤል ኅብረተሰብ ጋር መዋሐድ» የሚል። መምህሯ ከሥሩ አንድ መስመር ጽፎ መለሰላት፤ «ይህ ርዕስ ሳይሆን መደርደሪያ ነው።»

እውነቱን ነው። ኔታንያ በ1929 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረች የባሕር ዳር ከተማ ስትሆን፣ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው የእስራኤል ከተሞች በግንባር ቀደምነት ትጠቀሳለች። በአገሪቱ ከ160 ሺህ በላይ የሚቆጠረው ይህ ማኅበረሰብ ከዘመቻ ሙሴ ወዲህ ያልተጠየቀው ጥያቄ የለም። በዚያ ዘመቻ በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ወደ 8 ሺህ ሰዎች በሱዳን በኩል ሲገቡ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ከአዲስ አበባ ሲጓጓዙ፣ ተመራማሪዎችም በየመጠለያው ተከትለው ደርሰዋል። የሥነ ሰብዕ ሰው መጣ፣ ሐኪም መጣ፣ የትምህርት ባለሙያ መጣ፣ ሙዚቃ ቀራጭ መጣ። ከቁጥሩ አንጻር ይህን ያህል የተጠና ሕዝብ ብዙ አለ ብዬ አላምንም። «ውሕደት» ብሎ የፈለገ ሰው የሚመጣለት የጽሑፍ ብዛት አንብቦ የሚጨርሰው አይደለም። ቢጨርስ እንኳ ምን እንደፈለገ ይጠፋዋል።

ተማሪ ርዕስ የሚመርጠው ቤቱ ቁጭ ብሎ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት የሚሄደው ለመረጠው ርዕስ «ማስረጃ» ለመልቀም ነው። እኔ እንደማየው መከራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ርዕስ ከፍለጋ በፊት ሙሉ ሆኖ አይመጣም፤ የሚወጣው ከፍለጋው ውስጥ ነው። የመረጃ ቋቶቹ ዋና ጥቅማቸውም የተጻፈውን ማምጣታቸው ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በምን ላይ እንደተከራከሩ፣ ክርክሩ በየትኛው ዓመት እንደቆመና ከዚያ ወዲህ ምን እንደተለወጠ አሰልፈው ያሳያሉ። ርዕስ የሚገኘው ያ ሰልፍ በተቋረጠበት ቦታ ነው።

የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ይህን በንድፈ ሐሳብ አላስተማረቻትም። ርዕሱን አየችና ወደ ጎን አደረገችው። «ሰሞኑን ምን አይተሽ ገረመሽ?» አለቻት። ልጅቷ ስለ ሁለቱ እስክሪብቶ ነገረቻት።

ፍለጋው ተጀመረ፤ መጀመሪያ የተጻፈው ቃልም ምንም የረባ አላመጣም። እቁብን በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በኢ ይጀምረዋል፣ ሌላው በአይ። መካከሉን አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። የቋንቋ ሊቃውንቱ ደግሞ «ቁ» ጠብቆ ስለሚነበብ ኪውን ይደርቡታል። ኮምፒዩተሩ እነዚህ ሁሉ አንድ እቁብ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ አማራጮቹ ሁሉ በእንግሊዝኛው «ወይም» እየተያያዙ በአንድ ቅንፍ ውስጥ ይገባሉ፤ ከቅንፉ ውጭ በ«እና» እስራኤል ይጨመራል። «ወይም» ያሰፋል፣ «እና» ያጠባል። ቃሉ በብዙ ቁጥር ሊመጣ የሚችል ከሆነ ግንዱ ላይ የኮከብ ምልክት ይደረግበታል፤ ሁለት ሦስት ቃል ሳይነጣጠል እንዲፈለግ ከተፈለገ በትምህርተ ጥቅስ ይታጠራል። የፍለጋ ጥበብ የሚባለው ገሚሱ ይኸው ነው።

ገሚሱ ደግሞ ነገሩ በሙያው ዓለም የሚጠራበትን ስም ማግኘት ነው። የምጣኔ ሀብትና የሥነ ሰብዕ ጠበብት እቁብን «ተዘዋዋሪ የቁጠባና የብድር ማኅበር» ይሉታል፤ ሲያሳጥሩት «ሮስካ»። ይህ ስም ከተገኘ በኋላ ዓለም ይሰፋል። ኢንዶኔዥያ ውስጥ አሪሳን፣ ሜክሲኮ ውስጥ ታንዳ፣ በፈረንሳይኛ ተናጋሪው ምዕራብ አፍሪካ ቶንቲን፣ ሕንድ ውስጥ ቺት ፈንድ ሆኖ እቁብ ከየአገሩ ይመጣል። ለአንዲት የኔታንያ ልጅ የባንኮኒው ደብተር ከጃቫ ደሴት መንደሮች ጋር እንደሚዛመድ ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ መጣ። «አፍሪካን አይደንቲቲስ» በተባለው መጽሔት በ2009 የወጣ፣ ሐጋር ሳላሞን፣ ስቲቨን ካፕላንና ሃርቪ ጎልድበርግ የጻፉት ጥናት፤ ጉዳዩም በእስራኤል ያሉ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እቁብ ነው። ልጅቷ ክው አለች። ርዕሷ ተጽፎ አልቋል፤ ያውም በታወቁ ሰዎች። ሳላሞን «ዘ ሃይና ፒፕል» የተሰኘውን መጽሐፍ በ1999 ያሳተመች ናት፤ ካፕላን በ1992 ስለ ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ የጻፈው ታሪክ እስካሁን የክርክር መነሻ ነው። ከነዚህ ጋር ምን ትላለች?

ብዙ ተማሪ ርዕሱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ግን ደስ አላት። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ማግኘት ማለት ከኋላውና ከፊቱ ያለውን ሁሉ ማግኘት ማለት ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ የዋቢ ጽሑፎቹ ዝርዝር ይነበባል፤ ጸሐፊዎቹ በማን ላይ እንደቆሙ የሚታየው እዚያ ነው። ቀጥሎ በተቃራኒው አቅጣጫ ይኬዳል፤ ጉግል ስኮላርም ሆኑ ሌሎቹ ትልልቅ ቋቶች ከያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ከወጣ በኋላ የጠቀሱትን ይዘረዝራሉ። ወደ ኋላ ሲኬድ ዘመኑ እየራቀ ይሄዳል፣ ወደ ፊት ሲኬድ እስከ ዓምና ይደርሳል።

በእቁብ ጉዳይ ወደ ኋላ የሄደ ሰው ሁለት ስም ሳያገኝ አይመለስም። አንደኛው ክሊፎርድ ጊርትዝ ነው። ጃቫ ላይ አሪሳንን አጥንቶ በ1962 በጻፈው ጽሑፍ፣ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ገበሬው የነጋዴን የገንዘብ አያያዝ የሚማርባቸው መሸጋገሪያ ናቸው አለ፤ ባንክና ኅብረት ሥራ ሲስፋፋ ሥራቸውን ጨርሰው ይከስማሉ። ሁለተኛዋ እንግሊዛዊቷ ሸርሊ አርድነር ናት፤ በ1964 ከብዙ አገር ያሉትን አነጻጽራ ይህን ድምዳሜ ተገዳደረችው። የኢትዮጵያውን መስመር የተከተለ ደግሞ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ መረዳጃ ማኅበራት የጻፉትን፣ ቀጥሎም ደጀኔ አረዶ በ1993 ስለ እቁብ፣ ስለ እድርና ስለ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት ያወጣውን ጥናት ያገኛል።

አሁን ወደ ባንኮኒው ደብተር እንመለስ። የሦስቱ ጸሐፊዎች ጥናት የታተመው በ2009 ነው። ቢት ሥራ የጀመረው በ2017። ሦስቱ ተመራማሪዎች የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ በቢት የሚከፈል እቁብ ሊያዩ አይችሉም ነበር። የጊርትዝ ነገር ደግሞ ከዚህ ጋር ሲገጥም ሌላ መልክ ይይዛል፤ ባንክ ሲመጣ እቁብ ይከስማል ነበር ያለው። ኔታንያ ውስጥ ባንኩ ከመንገዱ ማዶ መሆኑ ቀርቶ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ገብቷል፤ እቁቡ ግን አልከሰመም፣ እንዲያውም ባንኩን ለራሱ መላላኪያ አድርጎታል። ታዲያ ለምን? ገንዘቡ በስልክ ከሄደ ሰው ለምን ይሰበሰባል? ካልተሰበሰበስ ቡናው፣ ወሬው፣ የታመመ መጠየቁ፣ ያልከፈለውን ፊት ለፊት ማፈሩ የት ገባ? ባለሱቋ በሁለት ቀለም የሚጽፉት ለምንድን ነው?

መደርደሪያ የነበረው ርዕስ ጥያቄ ሆነ። ተጽፎ ያለቀ የመሰለው ጥናት የጠላት ጽሑፍ መሆኑ ቀርቶ የቆመችበት መሬት ሆነ። አንድ ነገር ግን ቀረ፤ ከ2017 ወዲህ የወጡትን ሳያዩ «ማንም አልጻፈውም» ማለት አይቻልም። «ማንም አልጻፈውም» የምትለው ዓረፍተ ነገር በተማሪ ወረቀት ላይ ስትታይ መምህር መነጽሩን ያስተካክላል። መጻፍ ያለበት የት የት እንደተፈለገ፣ በየትኞቹ ቃላትና በምን ቀን እንደተፈለገ ነው። ልጅቷ ለዚህ የራሷን ደብተር ከፈተች።

ይህ ፍለጋ በእንግሊዝኛ ብቻ አያልቅም፤ የዕብራይስጡ ዓለም የራሱ ቋቶች አሉት። የሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከ1977 ጀምሮ የዕብራይስጥ መጽሔቶችን ጽሑፎች በርዕሰ ጉዳይ ይመዘግባል። በኢየሩሳሌም ያለው የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ ራምቢ የሚባለውን የአይሁድ ጥናቶች መጠቁም ይዟል፤ በ1966 በወረቀት ታትሞ የጀመረ ሲሆን ዛሬ ማንም ሰው ያለ ክፍያ በኢንተርኔት የሚገባበት ነው። ሄንሪየታ ሶልድ ኢንስቲትዩትም በትምህርትና በማኅበራዊ ሳይንስ የሚጠቅም ቋት አለው። ካታሎግና የመረጃ ቋት አንድ አለመሆናቸውን እዚህ ላይ መናገር ያስፈልጋል፤ ካታሎግ ቤተ መጻሕፍቱ ያለውን መጽሐፍ ይነግርሃል፣ በመጽሔት ውስጥ የተቀበረውን ባለ 20 ገጽ ጽሑፍ የሚያወጣልህ ግን የመረጃ ቋቱ ነው።

ከነዚህ ሁሉ በፊት ግን ልጅቷ አንድ ሌላ ነገር መልመድ ነበረባት፤ ስለ ገዛ ዘመዶቿ ለማንበብ ዘመዶቿ የማይወዱትን ስም መጻፍ። አያቷ ቤት «ፈላሻ» የሚለው ቃል አይነሣም፤ የመናቅ ቃል ነው። የአሮጌዎቹ ካታሎጎችና መጠቁሞች የርዕሰ ጉዳይ መለያ ግን ይኸው ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1951 ያሳተመው የጸሎትና የሃይማኖት ጽሑፎች ስብስብ ስሙ በዚሁ ቃል ነው፤ ኬይ ሼሌሜይ በ1986 ስለ ዜማና ሥርዓት የጻፈችው መጽሐፍም እንዲሁ። ኋላ መለያው «ኢትዮጵያውያን አይሁዶች» ወደሚለው ተዛወረ፤ ማኅበረሰቡ ራሱን የሚጠራበት «ቤተ እስራኤል» ደግሞ በሌላ ረድፍ ይገኛል፤ የእስራኤል መንግሥት ሪፖርቶች «ከኢትዮጵያ የመጡ ስደተኞች» ወይም «ትውልደ ኢትዮጵያ» ይላሉ። አንዱን ብቻ የጻፈ ከአንድ ዘመን ጽሑፍ ውጭ አያይም። ልጅቷ ቃሉን ስትጽፍ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ባለሙያዋ ግን አልሰበከቻትም። ብቻ ስም የተለወጠበት ዓመት ራሱ ለሌላ ተማሪ ሌላ ርዕስ እንደሚሆን ነገረቻት።

ኮምፒዩተር ያልደረሰበትም አለ። ካፕላንና ሾሻና ቤን ዶር ስለ ኢትዮጵያ አይሁዶች የተጻፈውን እየዘረዘሩና ማብራሪያ እየሰጡ በ1988 በቤን ጽቪ ኢንስቲትዩት ያሳተሙት መጽሐፍ ዛሬም ከብዙ ቋት ይሻላል። ምክንያቱም ሰው አንብቦ ነው የዘረዘረው። እንዲሁም በሐምቡርግ የተዘጋጀው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ጥራዝ ወጥቷል። ከዚያ የሚነበበው ገለጻው ብቻ አይደለም፤ በየገለጻው መጨረሻ ያለው የዋቢ ዝርዝር ነው የሚፈለገው። አንድ ገጽ አንብቦ በጉዳዩ ላይ ማን ማን እንደጻፈ ማወቅ ሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ተማሪዎቻችን ይህን ዓይነት መጽሐፍ እንደ ጌጥ መደርደሪያ ላይ ሲተዉት ሳይ ይቆጨኛል።

የገበያው ነገር በእቁብ ብቻ አይወሰንም። ያችኑ የጤፍ ከረጢት ለሕክምና ተማሪ ስጡት፤ የሕክምና ጽሑፎች ቋት የሆነው ፐብሜድ ውስጥ ይገባና ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። ጤፍን በሳይንሳዊ ስሙ በ«ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ይፈልጋል፤ ከኢትዮጵያ በመጡ ሰዎች ላይ የተሠራውን ሲፈልግ ደግሞ በ1988 «ዳያቢቲስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይገጥመዋል፤ ከኢትዮጵያ የመጡ ወጣት ጎልማሶች ላይ የስኳር በሽታ በብዛት መታየቱን የሚናገር። በዘመቻ ሙሴ ከመጡ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። እዚህ ላይ ጥያቄው ይወለዳል፤ አሁን ያሉት ልጆቻቸው የሚበሉት እንጀራ ምን ያህሉ ጤፍ፣ ምን ያህሉ ነጭ ዱቄት ነው? መልሱ ያለው ጋጋሪዋ ቡሃቃ ውስጥ ነው፤ ጥያቄው የተገኘው ግን ከቋቱ ነው።

ለታሪክ ተማሪ ደግሞ ከኔታንያ በስተደቡብ ትንሽ ወረድ ብሎ ዊንጌት ኢንስቲትዩት አለ፤ በ1957 የተቋቋመ የስፖርት ማሠልጠኛ። በአዲስ አበባ ደግሞ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አለ። ሁለቱም የተሰየሙት በአንድ ሰው ነው፤ በጥር 1941 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በሱዳን ድንበር ጎጃም የገባው፣ ጦሩን «የጌዴዎን ኃይል» ብሎ የሰየመው ኦርድ ዊንጌት። በሁለቱ ከተሞች ስሙ ለምን በተለያየ ምክንያት እንደሚታወስ ለማጥናት የእስራኤል ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጁት የድሮ የአይሁድ ጋዜጦች ማኅደር ክፍት ነው። ዳቫርና ፓለስታይን ፖስት ቃል በቃል ይፈተሻሉ። ንጉሠ ነገሥቱ በግንቦት 1936 ሐይፋ ወደብ ላይ ሲወርዱ የነበረውንም የፈለገ እዚያው ይጀምራል። በጋዜጣ ማኅደር ውስጥ ግን ዛሬ የምንጠቀምበት ቃል ብቻውን አይበቃም፤ «አቢሲኒያ» ብሎም መፈለግ ግድ ነው።

ቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ከተነሣ አይቀር፣ ሶራስኪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዣክ ፋይትሎቪች ስብስብ ይገኛል። ዕድሜውን ለቤተ እስራኤል ጉዳይ የሰጠው ይህ ሰው የሰበሰባቸው መጻሕፍትና ብራናዎች እዚያ ናቸው። ወደ አውሮፓ ወስዶ ካስተማራቸው ወጣቶች አንዱ ታምራት አማኑኤል ነው። ከጎንደር አካባቢ የወጣ ልጅ በፓሪስና በፍሎረንስ ተምሮ፣ አዲስ አበባ ላይ ትምህርት ቤት መርቶ፣ በ1963 ኢየሩሳሌም ላይ አረፈ። ስለ እሱ ለብቻው ብዙ ማለት ይቻላል፤ ለዛሬ እንለፈው።

ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደው የፍለጋ መንገድ ሁለት ወጥመድ አለው፤ ሁለቱም ተማሪን ያለ ጥፋቱ ያስታሉ። አንደኛው ስም ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የፈረንጅ ቋት ግን ካላደረገለት አይወድም። የታደሰ ታምራት በ1972 የታተመው ታላቅ መጽሐፍ በአንዱ ካታሎግ በራሱ ስም በታደሰ፣ በሌላው በአባቱ ስም ይገኛል። ጌታቸው ኃይሌ በሚኔሶታው ሂል ቤተ መጻሕፍት ዕድሜውን የፈጀባቸውን የብራና ዝርዝሮች የሚፈልግም በሁለቱም በኩል መሞከር አለበት። በእስራኤል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፤ ሰውዬው በመካከሉ የዕብራይስጥ ስም ወስዶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ዘመን ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ሽፋን ላይ 1967 ብሎ ካየህ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ጠንቃቃ ካታሎግ በቅንፍ 1974 ወይም 1975 ብሎ ያርመዋል፣ ግዴለሽ ካታሎግ እንዳለ ይተወዋል። የፍለጋ ገደብህን «ከ1970 ወዲህ» ብለህ ብታጠበው አብዮቱን ተከትሎ የወጣው መጽሐፍ ከአብዮቱ በፊት የታተመ መስሎ ከፍለጋህ ውጭ ይቀራል። በነገራችን ላይ ከዚህች 1967 በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እነዚህን ወጥመዶች ያለፈ ሰው ግን ብዙ ያገኛል። በ1963 ሪቻርድ ፓንክኸርስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነው የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቀድሞ ቤተ መንግሥት በነበረው በስድስት ኪሎ ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው። በዚያው ዓመት መታተም የጀመረው መጽሔቱ ጄስቶር በተባለው የኢንተርኔት የመጽሔቶች ማኅደር ላይ ይነበባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ማከማቻም በኢንተርኔት አለ። ስለ እቁብ የተጻፈ የማስተርስ ወረቀት የሚገኘው በትልልቁ መጽሔት ሳይሆን እዚያ ነው። መርካቶ ነጋዴ እቁብ ላይ የተሠራን ወረቀት ከኔታንያ ሴቶች እቁብ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ለሁለቱም አዲስ ነገር ያወጣል። የኔታንያ ሴቶች ወላጆች ከገጠር ነው የመጡት፤ እቁብ ደግሞ ይበልጡን የከተማ ነገር ነው። ታዲያ እነዚህ ሴቶች እቁብን ያመጡት ከየት ነው? ከወገራ መንደር? አውሮፕላን እየጠበቁ ከቆዩባት ከአዲስ አበባ? ወይስ እዚህ መጥተው ነው የጀመሩት? ልጅቷ ይህን በዳር ጻፈችው፤ ለብቻው ወረቀት ይወጣዋል።

አሁን አሁን ይህን ሁሉ ድካም ትቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት «ርዕስ ስጠኝ» የሚል ተማሪ በርክቷል። ለመነሻ ሐሳብ ላይከፋ ይችላል። ችግሩ ማሽኑ ማንም ጽፎት የማያውቅ ጽሑፍ፣ ከነመጽሔቱና ከነገጹ፣ አሳምሮ መፍጠሩ ነው። በካታሎግና በቋት ተፈልጎ ያልተገኘ ጽሑፍ በወረቀትህ ላይ ከገባ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

የኮሌጁ ልጅ ርዕስ በመጨረሻ እንዲህ ተጻፈ፤ «ገንዘቡ በስልክ፣ ዳኝነቱ በአካል፦ የክፍያ መተግበሪያ ከመጣ ወዲህ የኔታንያ ኢትዮጵያውያን ሴቶች እቁብ ምን ለወጠ፣ ምን አስቀረ?» መምህሯ ከሥሩ ሁለት ነገር ጻፈ። «ከተማውን አጥብቢው፤ አንድ እቁብ ይበቃሻል። ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ ሳትወስጂ ማንንም አትጠይቂ።» ሁለተኛው ቀላል አይደለም። እቁብ የሰው ጓዳ ነው፤ ማን እንደዘገየ፣ ማን ለልጁ ሠርግ ተራ እንደለመነ፣ ማን ለማን ዋስ እንደሆነ ደብተሩ ላይ አለ። ባለሱቋ ደብተሩን ለልጅቷ ማሳየት ቢፈልጉ እንኳ በሌሎቹ ሴቶች ስም መፍቀድ አይችሉም።

ፈቃዱ እስኪመጣ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የ1958ቱን «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ኮሌጇ ስለሌለው በቤተ መጻሕፍት ለቤተ መጻሕፍት ብድር አስጠየቀች። በየቋቱ ደግሞ ፍለጋዋን አስቀምጣ ማሳወቂያ አዘዘችበት፤ የእቁብ የላቲን አጻጻፎች ሁሉ፣ ሮስካ፣ እቁብ በዕብራይስጥ የሚጠራበት ስም፣ ከእስራኤል ጋር ተያይዘው። አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ በኢሜይል ይደርሳታል። በጥያቄ ወረቀቷ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ቁጥር አንድ አድርጋ ያስገባችውን ጥያቄ ባለሙያዋ ሰርዛ ቁጥር አሥራ አንድ አደረገችው፤ ስለ እስክሪብቶው የሚጠይቀውን። መጀመሪያ ስለ ቡናው ይጠየቁ፣ ስለ ገንዘቡ ራሳቸው ይመጣሉ አለቻት።